በሞዴል ላይ መለማመድ ይበቃልን?

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ኮሌጃችን በአሻንጉሊት ሞዴል ላይ ያለማምደናል፤ ይህ እውነተኛ ታካሚን ለመንከባከብ ያበቃኛልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብቻውን አያበቃዎትም፤ ሳይለማመዱ ወደ ታካሚ አልጋ መቅረብ ግን ለታካሚው አደጋ ነው። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ሞዴል ለልብና ሳንባ ማነቃቂያ (ልቡና ትንፋሹ የቆመን ሰው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የመርጃ ዘዴ) ልምምድ የተሠራ ሲሆን፣ የአዋቂን ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ዛሬም በንባብ ብቻ የሚለመድ ሙያ አይደለም፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ መዳፍዎ ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት ከልምምዱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ውስጥ ነው፤ ይህ ሰዓት በጥድፊያ ሲታለፍ እጅግ ያሳዝነኛል። መምህርዎ «መድኃኒቱን ከመስጠትዎ በፊት የታካሚውን ስም ለምን አልጠየቁም?» ሲሉዎት የሚሰማዎት ድንጋጤ ለዘለቄታው ጥንቃቄን ያስተምራል። ሞዴሉ ስለማይፈራና ስለማያቃስት፣ ከጓደኞችዎ አንዱ እንደ ታካሚ ተኝቶ ቢያነጋግራችሁ መልካም ነው።