ዕድሜዋን ብቻ ሳይሆን ማን እንዳሳደጋት ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ9 ዓመት ልጅና የ6 ዓመት ወንድሟን ከሌላ አገር በጉዲፈቻ ለማሳደግ እያሰባችሁ ነው። ዘመድ ወዳጅ ግን «ትልቅ ልጅ ቤት አይለምድም፣ ሕፃን ብትወስዱ ይሻላችኋል» እያለ አስጨንቋችኋል። እኛም የወሰድነው እህትና ወንድም ነው። ሲመጡ ትልቋ 8 ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። አሁን ሁለቱም ትልልቆች ናቸው። ያየሁትን ልንገርሽ።

«ትልቅ ልጅ አይለምድም» የሚለውን አልቀበለውም። ይለምዳል። ግን ባዶ እጁን አይመጣም። የራሱ ቋንቋ አለው፣ ትዝታ አለው፣ የሚናፍቃቸው ሰዎች አሉት። ያ ሁሉ አብሮት ቤትሽ ይገባል። እኔ እንዳየሁት ነገር የሚበላሸው አሳዳጊው ልጁን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን ደጅ ለማስቀረት ሲሞክር ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ ዕድሜዋን ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እስካሁን ማን እንዳሳደጋት ነው። እስከ 7 ዓመቷ አያቷ ጋር ያደገች ልጅና ከተወለደች ጀምሮ በማሳደጊያ የኖረች ልጅ እኩል 9 ዓመት ቢሞላቸውም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ሰው ማመን ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስትመጣ ክፉኛ ልታዝን ትችላለች፤ የምታዝነው ግን ወድዳ ስለምታውቅ ነው። ሁለተኛዋ ምናልባት ገና በመጀመሪያው ቀን ተጠምጥማ «እማዬ» ትልሻለች። ደስ ይላል። ነገር ግን የማያውቀውን ሰው ሁሉ እኩል የሚጠጋ ልጅ ገና «የእኔ» የሚለው ሰው አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከ1989 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በኋላ ከሩማንያ ማሳደጊያዎች ወደ እንግሊዝ የተወሰዱ ልጆችን ተመራማሪዎች እስኪያድጉ ድረስ ተከታትለዋቸዋል። በማሳደጊያ ከ6 ወር በታች የቆዩት እዚያው እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት ብዙም አልተለዩም። ከዚያ በላይ ከቆዩት ግን ብዙዎቹ ትኩረት በማጣትና ከሰው ጋር በመግባባት ለዓመታት ተቸግረዋል። ከእነሱም መካከል ምንም ሳይሆኑ ያደጉ አሉ። እነዚያ ማሳደጊያዎች እጅግ የከፉ ስለነበሩ ሁሉን በእነሱ መለካት አይገባም። ቢሆንም ምን ብለሽ መጠየቅ እንዳለብሽ ያሳዩሻል። ስንት ዓመት በተቋም ኖረች? ስንት ሞግዚት ተቀያየረባት? ስትታመም ወይም ስትፈራ ወደ ማን ትሄዳለች?

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ በ1993 የወጣው የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት (አገሮች ከአገር ወደ አገር ስለሚደረግ ጉዲፈቻ የተስማሙበት ሰነድ) ለአንቺም የሚጠቅም መመዘኛ ነው። ልጁ በተወለደበት አገር ቤተሰብ የሚያገኝበት መንገድ አስቀድሞ መታየት አለበት ይላል። ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ምን እየፈቀዱ እንደሆነ ገብቷቸው፣ ገንዘብ ሳይቀበሉ መስማማት አለባቸው። ልጁም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሊመከርና ሐሳቡ ሊሰማ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ለ9 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። «ለትምህርት ነው የምትሄጂው፣ ትመለሻለሽ» ተብለው የተላኩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ማን ነገራት? በምን ቋንቋ? እሷስ ምን አለች? የወንድሟስ ነገር? መልሱ ከተድበሰበሰ አትፈርሙ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ።

ሌላው፣ ሂደቱ ሳያልቅ ለልጅቷ ቃል እንዳትገቡ። አገሮች በራቸውን ይዘጋሉ። ጓቲማላ በ2008፣ ሩሲያ ለአሜሪካውያን በ2013፣ ኢትዮጵያ በ2018፣ ቻይና በ2024 ዘግተዋል። ለትልልቅ ልጆች ደግሞ የዕድሜ ገደብ ስላለ ጊዜው ይሮጣል። ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ማጽደቁና ልጁ ዜግነት ማግኘቱም ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሆነው በጉዲፈቻ ገብተው፣ አሳዳጊዎቻቸው ወረቀቱን ባለመጨረሳቸው ያለ ዜግነት ያረጁ ሰዎች አሉ። እስከ መጨረሻው ተከታተሉት።

አሁን ስለ እህትና ወንድም። ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ይህን ነው።

ትልቋ ለትንሹ እናት ሆና ነው የምትመጣው። የእኛዋ ወንድሟን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር። ሌሊት ሲያለቅስ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። እኔ ሳጥበው በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አንዳንድ ሰው «ተይ፣ አንቺም ልጅ ነሽ፣ ሂጂ ተጫወቺ በያት» ይላል። እኔ ግን ይህን ሥራ በአንድ ቀን መቀማት ጭካኔ ይመስለኛል። እሱን ጠብቃ እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ አመሰገንኳት። በአስተርጓሚ «ወንድምሽን በደንብ ጠብቀሽዋል፣ አሁን አብረን እንጠብቀዋለን» አልኳት። ከዚያ እሷን እጠይቅ ጀመር። ምን ያስፈራዋል? ሲያለቅስ ምን ብትዪው ዝም ይላል? እሷ ያሳየችኝን እኔም እንደሷ አደረግኩ። ቀስ በቀስ እኔ ስይዘው ደህና እንደሚሆን ስታይ ራሷ እየተወችው መጣች። መጫወት የጀመረችውም ያኔ ነው። እሱ በወራት ውስጥ ሲጠጋኝ እሷ ለረጅም ጊዜ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ይህ አይክፋሽ። «እማ» እንድትልሽ አትለምኛት፣ ስጦታም አታስይዢበት። ወላጅ እናቷን ካስታወሰች ቃሉ ባለቤት አለው።

ቋንቋዋንም እንዳታስጥሏት። ከኮሪያ ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ወደ ፈረንሳይ የተወሰዱ ሰዎች ካደጉ በኋላ ተመርምረው ነበር። በ2003 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የኮሪያ ቋንቋን ከሌላ የማያውቁት ቋንቋ መለየት አልቻሉም። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይህን ያህል ሊጠፋ ይችላል። ቋንቋው ሲጠፋ ከአያትና ከአክስት ጋር ማውራትም አብሮ ይጠፋል። እኛ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ፈልገን በየሳምንቱ እናገናኛቸው ነበር፣ በስልክም ከዘመዶቻቸው ጋር እናስወራቸዋለን። «ያኔማ አዲሱን ቋንቋ ይዘገይባቸዋል» የሚሉ ነበሩ። አልዘገየባቸውም። አንድ ነገር ግን እወቂ። ልጅ ለጨዋታና ለወሬ የሚበቃ ቋንቋ በሁለት ዓመት አካባቢ ይይዛል። የትምህርት መጽሐፍ የሚጠይቀው ቋንቋ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል የቋንቋ ትምህርት ባለሙያዎች ይናገራሉ። መምህራን «ጎበዝ ትናገራለች፣ ሰነፍ ናት እንጂ» ሲሉ ይህን ንገሪያቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋነታቸው ሊገርምሽ ይችላል። እያጠኗችሁ ነው። ቁጣውና እልሁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትንሽ ሲረጋጉ ነው። ሰው ያኔ «ባሰባቸው» ይላል፤ እኔ ግን ቤቱን ማመን መጀመራቸው እንደሆነ ነው ያየሁት። ምግብ ሲደብቁ ብታገኚ አትቆጪ፣ የሚበላ ነገር ሁልጊዜ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ይኑር። እንግዳ አታብዢ። ትምህርት ቤትም ጥቂት ቢዘገይ ምንም አይደለም።

ጤናን በአጭሩ ልንካው። የመጣው የሕክምና ወረቀት ላይ ብቻ አትደገፉ። ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤች አይ ቪ፣ የአንጀት ተውሳክ፣ ዓይንና ጆሮ ይታይ፤ አንዳንዱ ምርመራ ከወራት በኋላ ይደገማል። አንዳንድ ሴት ልጆች ከመጡ በኋላ በፍጥነት አድገው ጉርምስናቸው ቀድሞ ስለሚጀምር ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት። የተጻፈው ዕድሜ ከመልኳ ጋር ካልገጠመም ለማስለወጥ አትቸኩሉ። በደንብ ያልተመገበ ልጅ ሲመገብ በዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል፣ የአጥንት ራጅም የሚሰጠው ግምት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ሂዱና ያሳደገቻትን ሞግዚት ራሷን አነጋግሯት፤ ደንቡ ከፈቀደ። ፎቶዎች፣ የሰዎች ስም፣ የኖሩበት ቦታ፣ የሕክምና ታሪክ፣ ያለውን ሁሉ ያኔ ጠይቁ። የሄጉ ስምምነትም የልጁ የትውልድ መረጃ እንዲጠበቅ ያዛል፣ ግን ወረቀት ይጠፋል፣ ሠራተኛም ይቀየራል። እኛ ያኔ ያገኘነውን ዛሬ ብንፈልገው አናገኘውም ነበር። ለሞግዚቷ ያቀረብናቸው ጥያቄዎች አሁንም በማስታወሻዬ አሉ። ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።