ጀሶው ሲፈታ

ውድ ልጆቼ፣

በ24 ዓመቴ ኳስ ስጫወት ግራ እግሬ ተሰበረ። እናቴ ወጌሻ ጋ ካልሄድን ብላ ነበር፤ አባቴ ሆስፒታል አለ፣ ያው እሱ አሸነፈ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባቴ የለም! የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው፣ ቀጭን፣ ልፍስፍስ ያለ። የፈታልኝ ሰው «በቃ፣ ተነስና ሂድ» አለኝ። እንዴት ልራመድ፣ ምን ልስራበት፣ ማንም አልነገረኝም። በዚያ ንዴት ነው ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ የሆንኩት ብል ትንሽ ማጋነን ይሆናል፤ ትንሽ ብቻ ግን።

ከ30 ዓመት በላይ በሙያው ኖሬ ያረጋገጥኩት ያንኑ የባቴን ነገር ነው። ሰውነት የማይሰራበትን አያኖርም።

አጥንትን እንደ ድንጋይ አትዩት። ውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሶች አሉ፤ ሥራ ፈትተው አያውቁም። የት ጋ ማጠንከር እንዳለባቸው የሚያውቁት ከጫናው ነው። ጡንቻ ሲጎትተው፣ እግር መሬት ሲረግጥ፣ አጥንት በዓይን በማይታይ ልክ ይለመጣል። ግንበኞቹን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲኖሩ የዳሌና የእግር አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እዚያ ላይ ሆነው በቀን 2 ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሰሩት። የቴኒስ ተጫዋች ደግሞ ራኬት የሚይዝበት ክንዱ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። ሰውየው አንድ፣ ገበታው አንድ፣ ክንዱ ግን ሁለት ዓይነት።

አብዛኛው አጥንታችሁ እስከ 20 ዓመት ገደማ ይሰራል። ከ30 በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዝለሉ፣ ገመድ ዝለሉ፣ ሸክም አንሱ። ዋና ለልብ ግሩም ነው፤ ለአጥንት ግን ውሃው ክብደታችሁን ይሸከምላችኋል።

ጡንቻ ለሸሚዝ ማማሪያ ብቻ ይመስላችኋል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ደግሞ ስኳሩን ያለ ኢንሱሊን (ስኳር ከደም ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚያዘው ሆርሞን) ትዕዛዝም ይስባል። ምሳ በልታችሁ ስልክ ይዛችሁ ከመጋደም አሥር ደቂቃ ወክ አድርጉ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አንድ ጂም የሚሰራ ጎረምሳ «የትኛው የፕሮቲን ዱቄት ይሻላል?» አለኝ። ቁርስህ ምንድን ነው አልኩት። «ማኪያቶ።» ዱቄቱ ይቅርና እንቁላል ብላ፣ ምስር ብላ፣ ሽሮህን ወፈር አድርግ! 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ቢያንስ 56 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ክብደት የሚያነሳ ከዚያ በላይ። በጾም ጡንቻ አይሰራም የሚሉትንም አትስሙ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ ምን ሆኑ? ካልሲየም ለአዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ለታዳጊ 1300 ነው። ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ብዙ ካልሲየም አለው፣ ሊጡ መቡካቱም ይረዳል። ጎመንና ሰሊጥ ጨምሩበት፤ ጾም ሲፈታ እርጎና አይብ አለ።

ሴት ልጆቼ፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ነው የምጽፈው። አንዲት ሯጭ «ቅልጥሜን አመመኝ» ብላ መጣች። አሰልጣኟ «ጡንቻ ነው፣ ይለቃል» ብሏት ለሳምንታት ሮጣበታለች። ቅልጥሙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተገኘ። ስጠይቃት ቀለል ልበል ብላ ምግብ ቀንሳለች፤ የወር አበባዋም ከቀረ ስምንት ወር ሆኖታል። እሷ ግልግል መስሏት ነበር። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ይዘጋል። የሴትነት ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሩጫው ደግሞ ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቷ እረፍትና እራት ሆነ። የወር አበባ ሲቀር ለሐኪም መናገር ነውር የለውም።

ፀሐይም አለች። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላችሁት ካልሲየም በቅጡ አይገባም። አዲስ አበባ ሆኖ ከቢሮ የማይወጣ፣ ዓረብ አገር ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትውል፣ የአውሮፓን ክረምት የሚያሳልፍ ሁሉ ሊያጥረው ይችላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በደም ምርመራ ይታወቃል።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ግራ ባቴ ዛሬም ከቀኙ ትንሽ ይቀጥናል። ከገበያ ስመለስ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ ይመጣና «አባባ፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎት» ይለኛል። የተባረከ ልጅ ነው። አልሰጠውም። ሰውን የማያምን ሽማግሌ ሳልመስለው አልቀርም።