ጤነኛ ባንክ በአስቀማጮች ሽሚያ እንዴት ሊዘጋ ይችላል?

ጠያቂያችን «በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ባንኮች የተዘጉት ገበሬው ወሬ ሰምቶ ስለደነገጠ ብቻ ነውን? ሽሚያውን የተቋቋመ ባንክስ ነበርን?» ብለዋል። በአገራችን ቡና አብቃይ አካባቢ በምትገኝ ከተማ በባንክ ከፋይነት፣ በኋላም በቅርንጫፍ ኃላፊነት ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

ባንክ ከአስቀማጮች የተቀበለውን ገንዘብ በአብዛኛው ያበድራል፤ በካዝናው የሚያስቀረው ለዕለት ክፍያ የሚበቃውን ያህል ነው። በእኛ ቅርንጫፍ የቡና መግዣ ወቅት ሲደርስ ነጋዴዎች ተከታትለው ስለሚያወጡ ካዝናው በፍጥነት ይጎድል ነበር። ከሌላ ቅርንጫፍ በጥበቃ የታጀበ ብር እስኪደርስልን «ግማሹን ዛሬ፣ ቀሪውን ነገ ውሰዱ» እያልን ስንለምን፣ ለዕለቱ ገንዘብ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ጭምር ደብተራቸውን ይዘው ይሰለፉ ነበር።

የአሜሪካ የገጠር ባንኮች ይህን መሰል ደጀን አልነበራቸውም። በብዙ ግዛቶች ሕጉ ቅርንጫፍ መክፈትን ይከለክል ወይም ይገድብ ስለነበር ባንኩ የአንዲት ከተማ ብቻ ነበር፤ ብድሩም በዚያችው አካባቢ መሬትና ሰብል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ1920ዎቹ ብቻ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ5,000 በላይ ባንኮች ወደቁ። አብዛኞቹ የገጠር ባንኮች የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሥርዓት) አባላት ስላልነበሩ መጠባበቂያቸውን በትልልቅ ከተሞች ባንኮች ያስቀምጡ ነበር። በኖቬምበር 1930 በናሽቪል የሚገኘው የካልድዌል ኩባንያ ባንክ ሲዘጋ፣ ገንዘባቸው እዚያ የተያዘባቸው ባንኮች ተከታትለው ተዘጉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ሥራ አቆሙ።

ስለዚህ አስቀማጩን ሞኝ ማለትን አልቀበልም። ቀድሞ የደረሰ ሙሉ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ የዘገየው ግን የባንኩ ንብረት ተሸጦ ሒሳቡ እስኪጣራ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ጠብቆ የተረፈውን ይካፈላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ባንኩ ጤነኛ ነው ብሎ ቢያምን እንኳ ጎረቤቱ መሰለፉን ሲያይ እቤቱ አይቀመጥም።

ሽሚያውን ከተቋቋሙት መካከል በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የነበረው የማሪነር ኤክልስ ባንክ ይጠቀሳል። በ1931 የከተማው ሌላ ባንክ ሊዘጋ መሆኑን የሰማው ኤክልስ፣ ከፋዮቹ ማንንም ሳይመልሱ ነገር ግን በዝግታ እንዲከፍሉ፣ ለዓመታት የሚያውቁትን ደንበኛ ፊርማ እንኳ ከካርዱ ጋር እንዲያመሳክሩ፣ በትንንሽ ኖቶችም እንዲቆጥሩ አዘዘ። ከሶልት ሌክ ሲቲ የፌዴራል ሪዘርቭ ቅርንጫፍ ገንዘብ በብረት ለበስ መኪና ሲደርስ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ገንዘቡ ከመጣበት ቦታ ገና ብዙ እንዳለ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ያ ሁሉ የእርሱ ባንክ ገንዘብ ነው ግን አላለም። በመደበኛው ሰዓትም በሩን አልዘጋም። ከፋይ ሆኜ እንደታዘብሁት፣ የተሰለፈ ሰው ዐይኑን የሚተክለው በከፋዩ እጅ ላይ ስለሆነ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ ያለማቋረጥ የሚቆጠር ብር ያረጋጋዋል። ሆኖም ይህ ብልሃት የሠራው ባንኩ ከፌዴራል ሪዘርቭ መበደር ይችል ስለነበር ነው፤ አባል ያልሆነ ባንክ በዝግታ ቢከፍልም የሚጠብቀው መኪና አልነበረውም።

ሽሚያውን በአገር ደረጃ የገታው በ1933 የወጣው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ጀምሮ እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ያለ ተቀማጭ ዋስትና ስላገኘ፣ የትንሽ ከተማ አስቀማጭ ከሰልፉ ፊት ለመገኘት የሚሮጥበት ምክንያት አልቀረለትም፤ በዚያ ዓመት የወደቁት መድን ያላቸው ባንኮችም 9 ብቻ ነበሩ።