ከዝዋይ በታች አብያታ አለ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ የተፋሰስ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ውሃ ስለካ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነገር ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል።

የዝዋይ ሐይቅ የውሃ ሂሳብ ሲያዩት ቀላል ነው። የመቂ ወንዝ የጉራጌን ደጋ ውሃ ከምዕራብ ያመጣል፤ የካታር ወንዝ የአርሲን ከምሥራቅ። ዝናብም ሐይቁ ላይ ይወርዳል። ወጪው ትነት፣ የሰው ፓምፕና ከዝዋይ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ከሁሉም በላይ የምትጠጣው ፀሐይ ናት፤ በዓመት ከ1.5 ሜትር በላይ ውሃ ከሐይቁ ላይ ታነሳለች። እሷን ፈቃድ የሚጠይቃት የለም።

ቡልቡላ የሚፈሰው ሐይቁ ከመውጫው ከፍ ሲል ብቻ ነው። ሐይቁ ትንሽ ዝቅ ሲል ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ልብ አይልም። ቡልቡላ ላይ ግን ፍሰቱ በአንድ ጊዜ ይሳሳል። እስቲ አስሉት። የዝዋይ ስፋት ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዲት ሴንቲሜትር ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ናት። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት 5 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ቢጠጣ፣ 800 ሄክታር ማሳ ያቺን ሴንቲሜትር ይጨርሳታል ማለት ነው። ቲማቲሙን፣ የአበባ እርሻውንና የከተማውን መጠጥ ውሃ ደግሞ ጨምሩበት።

ጦሱ የሚያርፈው አብያታ ላይ ነው። አብያታ መውጫ የለውም፤ ጥልቀቱም ትንሽ ነው። የሚመጣለት ሲቀንስ ዳርቻው ይሸሻል። ዛሬ ዱሮ ውሃ በነበረበት ቦታ ነጭ ጨው ላይ ትራመዳላችሁ። የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ሲስብ ኖሯል። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ። ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ላይ ነበር።

የመቂን ገበሬ ግን አትውቀሱ። ጀነሬተሩን ተከራይቶ፣ ናፍጣ ገዝቶ፣ ቱቦውን ዘርግቶ ልጆቹን ነው የሚያሳድገው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሽሚያ ግን የእናንተ ራስ ምታት ነው።

«ጠብታ መስኖ አስገብተናል፣ ውሃ ቆጥበናል» ሲሏችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ዱሮ በቦይ ከፈሰሰው ከፊሉ ሰርጎ ወደ ሐይቁ ይመለስ ነበር። የተቆጠበው ተጨማሪ ማሳ ካለማ፣ ሰብሉ የሚጠጣው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መጠየቅ ያለባችሁ ከሐይቁ ስንት ተሳበ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ሳይመለስ ቀረ ብላችሁ ነው።

ሂሳቡን በዓመት አማካይ አትሥሩ፤ በወር ሥሩ። አማካዩ የክረምቱን ሙላት አምጥቶ የየካቲትን እጥረት ይሸፍንባችኋል። ፓምፑ የሚበዛው ደግሞ በበጋ ነው። ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የመጣላችሁን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ውሃው ዳር ወርዳችሁ የውሃውን ከፍታ መለኪያ ራሳችሁ አንብቡ። ጧትና ማታ የሚመዘግበውን ሰው አናግሩት፤ መለኪያው መቼ ዘመመ፣ መቼ በጎርፍ ተነቀለ፣ እሱ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ከኮምፒውተር አታገኙትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አበባ አምራቹ ማመልከቻ ያስገባል። ገበሬው በማኅበሩ በኩል ይጮኻል። ከተማው ደብዳቤ ይጽፋል። አብያታ ግን ማመልከቻ አያስገባም። ስለዚህ የውሃ ድልድሉን ሠንጠረዥ ስትሠሩ በየወሩ ለቡልቡላ የሚለቀቀውን መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት፤ ፈቃድ የምትሰጡት ከቀሪው ይሁን።