ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፦ ስለ ፊርማና ስለ ይርጋ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ እውነት ይዘው የተረቱ ብዙ ሠራተኞችን አይቻለሁ፤ የተረቱትም ሕጉ ስላልደገፋቸው አልነበረም። አንዳንዱ የተረታው ክስ የማቅረቢያ ጊዜው ስላለፈበት ነው፣ ሕጉ ይህን ይርጋ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ሳያነብ በፈረመው አንድ ገጽ ነው። ስለዚህ ይህን ምክር የምጽፍላችሁ የመብታችሁን ስፋት ለመዘርዘር ሳይሆን፣ ያ መብት በየት በኩል ከእጅ እንደሚያመልጥ ለማሳየት ነው።

በግል ድርጅት የምትቀጠሩ ከሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ የቤት ሠራተኞችን ግን ይህ አዋጅ አይሸፍናቸውም፤ ይህም ለእኔ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጉድለት ነው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል በቃል ቢደረግም ይጸናል፤ ነገር ግን በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ በ15 ቀናት ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። የሙከራ ጊዜም ቢሆን በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት የለም፣ ቢኖርም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «የሦስት ወር ሙከራ» ማለት የተለመደ አነጋገር ሆኗል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ግን 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነውና፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት «ሙከራውን አላለፍክም» የተባለ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሰው ሕጋዊ የስንብት ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል።

አሁን ወደ ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ልመለስ። ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ የሚከስሰው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ ማንኛውም ክፍያም እንዲሁ በስድስት ወር ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ሦስት ወር ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወር በድንጋጤና በሽምግልና ያልቃል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ጠብቅ፣ እናስተካክለዋለን» ባለው ተስፋ ያልቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጠበቃ የሚመጣው ሰው «ጊዜው አልፏል» የሚል የይርጋ መቃወሚያ እየጠበቀው ነው። በስልክ የተሰጠ ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ወይም በከፊል መፈጸሙ ነው። ሽምግልናውን አትተዉ፤ ብቻ ክሱን ከመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ሽምግልናውን ቀጥሉ።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራላችሁ ግን «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» የምትለዋን ደብዳቤ ነው። ሠራተኛው ወደ ቢሮ ይጠራና፣ ከተሰናበትክ ስምህ ይበላሻል፣ ብትፈርም ግን የሥራ ልምድ እንሰጥሃለን ይባላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ ሊሰጣችሁ የሚገባ ወረቀት እንጂ የመደራደሪያ ዕቃ አይደለም። ያቺን ደብዳቤ ከፈረማችሁ በኋላ ክርክሩ «ስንብቱ ሕጋዊ ነው ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» የሚለውን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ይሆናል። በስምምነት ስትለያዩ «ከድርጅቱ የምጠይቀው የለም» ብላችሁ ብትፈርሙ እንኳ በሕግ የተሰጣችሁን መብት መተዋችሁ ዋጋ እንደሌለው አዋጁ ይናገራል፤ ያም ሆኖ ያልፈረመ ሰው ክርክሩ ይቀልለታል።

በሥራ ላይ ደኅንነትም ቢሆን ፊርማ ተከትሏችሁ ይመጣል። በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ በባሕር ዛፍ አጣና መወጣጫ ላይ ቆመው የሚሠሩ ልጆችን ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ሕጉ ለሠራተኛው ያደላል፤ በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፣ ድርጅቱ በመደበው ሰርቪስ ስትመላለሱ የሚደርስ አደጋም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ይቆጠራል። አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆነ ብሎ ጉዳቱን ካደረሰ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት እንደዚሁ ይታያሉ። እንግዲህ ያልተሰጣችሁን የራስ ቆብና የደኅንነት ቀበቶ «ተረክቤአለሁ» ብላችሁ የምትፈርሙ ከሆነ፣ ነገ ብትወድቁ «ሰጥተነው ሳይለብስ ቀረ» ለሚል መልስ ማስረጃውን ያዘጋጃችሁት እናንተው ናችሁ። አስጊ ሁኔታ ስታዩም ለፎርማኑ በቃል ከመናገር አልፋችሁ በጽሑፍ አስጠንቅቁ፤ አሠሪው ማስጠንቀቂያው ደርሶት እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ውላችሁን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ይሆናችኋል። ወሲባዊ ትንኮሳም እንዲሁ በቂ ምክንያት ነው። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።

አድልዎ ከዚህ ሁሉ ለማስረዳት ይከብዳል። በብሔሯ፣ በሃይማኖቷ ወይም በእርግዝናዋ ምክንያት አሰናበትኩ ብሎ የሚጽፍ አሠሪ አላጋጠመኝም፤ ደብዳቤው ሁልጊዜ «የሥራ አፈጻጸም» ይላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፣ በሕግ ከተመለከቱ ጥቂት ምክንያቶች በቀር ማሰናበት ክልክል ነው፤ ስለዚህ እርግዝናዋን በጽሑፍ ያሳወቀች ሴት የምትከራከረው ከጠንካራ ቦታ ቆማ ነው። አካል ጉዳተኞች ደግሞ ስለ ሥራ ስምሪት መብታቸው በወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብለው ሲከሱ የማስረዳት ሸክም አይጫንባቸውም፤ ይህን የማያውቁ አካል ጉዳተኞች ብቻ ሳይሆኑ ጠበቆችም አሉ። ለሌሎቻችሁ የሚረዳችሁ ንጽጽር ነው፦ ተመሳሳይ ጥፋት ፈጽሞ የታለፈው ማን ነው፣ ከስንብቱ በፊት የተሰጣችሁ የአፈጻጸም ውጤት ስንት ነበር? የውጤቱን ወረቀት በተሰጣችሁ ዕለት ቅጂውን ወደ ቤታችሁ ውሰዱ፤ ከስንብት በኋላ ጥበቃው በሩን አያስገባችሁም።

ሠራተኛ ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ብዙዎች የሚያጡት ምስክር ነው። ባልደረባችሁ መስክሩልኝ ሲላችሁ እንጀራችሁን በማሰብ ታመነታላችሁ፣ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ በክርክሩ ተካፋይ መሆን ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይኸው አዋጅ በግልጽ ደንግጓል። የፍርድ ቤት መጥሪያው ሲደርሳችሁ ቅጂውን አያይዛችሁ ለቅርብ አለቃችሁ በጽሑፍ አስታውቁና፣ ያያችሁትን ብቻ፣ የሰማችሁትን ሳትቀላቅሉ ለችሎቱ ተናገሩ።