የተሰነጠቀው መስታወቱ ነው ወይስ ካሜራው?

ይድረስ ለልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት ሬዲዮና ቴፕ ነበር የምሠራው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከስልካችሁ ጀርባ ካሜራውን ስለምትሸፍነው ትንሽ መስታወት ነው። በእሷ ሰበብ ሰው ያላግባብ ገንዘቡን ሲያወጣ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጣታችሁ የሚነካው መስታወት ካሜራው አይደለም፤ ሽፋን ነው። ሌንሱ ከሥሩ፣ ትንሽ ክፍተት ትቶ ለብቻው ተቀምጧል። እኔ ጋ ወድቆ ከሚመጣው ስልክ ብዙው ሽፋኑ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። የሽፋኑ ዋጋ ደግሞ ከካሜራው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ "ካሜራው ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይረው" ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ።

መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት። ማታ አንድ መብራት ፎቶ አንሱ። በመብራቱ ዙሪያ ጨረር ከተበተነ ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር ከታየ ጥፋቱ ከሽፋኑ ሊሆን ይችላል። ምስሉ አልጠራ ብሎ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ወይም ከነጭራሹ ጥቁር ከሆነ ግን ውስጡም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ሦስት አራት ካሜራ ካለው ካሜራውን ከፍታችሁ አንድ በአንድ በጣት ሸፍኑ። ስክሪኑ ሲጨልም ያን ጊዜ ምስሉን የሚያነሳው የትኛው እንደሆነ ይገባችኋል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከመንዝ አንድ አባት መጡ። ሽፋኑ ተሰነጣጥቋል። መሽቷል፣ መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል። እኔ ደግሞ ትክክለኛው ማጣበቂያ አልቆብኝ ነበር። አዲሱን መስታወት በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ሲታይ ያምራል። ከፈሉኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። "ልጄ፣ ምን እንዳደረግሁት እንጃ" አሉኝ። ልጃቸው ቤሩት ናት። በኢሞ እየደወሉ ቤቱን፣ ከብቱን፣ አውድማውን ያሳዩዋታል። "አባዬ፣ ጉም ነው እንዴ?" ትላቸዋለች። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልጅቷ የአገሯን ጉም ስለምታውቀው ካሜራው ነው ብላ አልጠረጠረችም። እሳቸውም ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገውታል። ይህቺ እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተን ያወጣል። ተኑ አጠገቡ ባለው ሌንስ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ በቀላሉም አይለቅም። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም" አልኳቸውና ካሜራውን በራሴ ወጪ ቀየርኩት። እዚያው ሱቄ በር ላይ ደወሉላት። ለገበያ ያመጡት ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ከጎናቸው ነበር፣ ስልኩን ወደሱ አዞሩት። ልጅቷ የባናውን ጥቁርና ነጭ መስመር አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አትሞክሩት። የጥርስ ሳሙናም ስንጥቅ አይደፍንም፤ ጭራሽ ይጭረዋል። እስክታሠሩት ድረስ ንጹህ ስኮች ለጥፉበት። ፎቶው ይደበዝዛል፣ ግን ስባሪና አቧራ ወደ ውስጥ አይገባም። በተለይ በእኛ አገር ብርድ፣ ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ በስንጥቁ የገባው እርጥበት ሌንሱ ላይ ላብ ሆኖ ይወጣል።

ሥራው ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ደህና ባለሙያ መጀመሪያ ስልኩን ያጠፋል። ከዚያ ሙጫው እስኪላላ በለስላሳ ሙቀት ያሞቀዋል። ሙቀቱን ካበዛው ባትሪው ይጎዳል። እዚህ ጠዋት ጠዋት ሙጫው ድንጋይ ስለሚሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ስባሪውን ከዳር ጀምሮ በወረንጦ ይለቅማል፤ ስልኩን ዘንበል ያደርገዋል፣ ፍርፋሪው ወደ ውጭ እንዲወድቅ። ወደ ታች ሲጫን ካያችሁ አስቁሙት። ከሥር ያለው ሌንስ በጣም ስስ በሆነ ነገር ተንጠልጥሎ የሚንቀሳቀስ ነው፤ አንድ ግፊት ይበቃዋል።

ሙያውን ለምትማሩት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአዲሱን መስታወት ሙጫ የሸፈነውን ወረቀት ከመላጣችሁ በፊት እንዲሁ አስቀምጡትና ነጭ ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ነጥብ ከታየ አቧራ ቀርቷል፤ እንደገና ጥረጉ። ከተለጠፈ በኋላ መልሶ መንቀል ልፋት ነው። ስልኩ ውኃ የማያስገባ ከነበረም "ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይደለም፣ ከውኃ ጠብቀው" ብላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት። የተሰበረውን መስታወት ደግሞ መልሳችሁ በእጁ ስጡት። ምን እንደተቀየረለት በዓይኑ ይይ።

ለጥምቀት ወይም ለሰርግ ፎቶ የምትፈልጉት ከሆነ የበዓሉ ዋዜማ ላይ አታምጡት። የአንዳንዱ ስልክ መስታወት እዚህ አይገኝም፤ ከመርካቶ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። በችኮላ ደግሞ ሁለተኛ አልሠራም።