ደራሲው ዘው ብሎ ሲገባ፦ ለምትጽፉና ለምታነቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከኮምቦልቻም ከወልዲያም የምትልኩልኝን አጫጭር ልቦለዶች ደሴ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነው። አብዛኞቹ ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ታሪኩ ሞቅ ሲል ደራሲው ዘው ብሎ ይገባና «አንባቢ ሆይ፣ ይሄ ሁሉ እኔ የፈጠርኩት ነው» ይላል። አዲስ ነገር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስክንላቸው አይጀምሩም ነበር፤ ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። ተረት መሆኑን እያወቅን ጅቡን እንፈራው ነበር።

ነገሩ የሚያምረው ታሪኩ ውስጥ ሥራ ሲኖረው ነው። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» የተባለውን፣ በዋና ገጸ ባሕርይው ስም የሚጠራውን ልቦለዱን የመጀመሪያ ክፍል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። ሁለተኛውን ገና ሳይጨርስ፣ በ1614 ሌላ ሰው በብዕር ስም ተደብቆ የሐሰት ተከታይ አወጣበት። ሰርቫንቴስም በ1615 በወጣው እውነተኛው ሁለተኛ ክፍል ተበቀለው፦ ዶን ኪኾቴ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የዚያን መጽሐፍ ወሬ ይሰማል። ሳራጎሳ ሊሄድ ቆርጦ የተነሳ ሰው፣ የሐሰቱ መጽሐፍ «ሳራጎሳ ገባ» ስላለ ብቻ፣ ጸሐፊውን ውሸታም ሊያሰኘው መንገዱን ወደ ባርሴሎና አዞረ። መጽሐፍ ገጸ ባሕርይውን መንገድ አስቀየረው ማለት ነው። የእናንተ ደራሲ ብቅ ካለ በኋላስ ምን ተለወጠ? ምንም ካልተለወጠ ሰርዙት። አብሽሩ፣ መሰረዝ አይገድልም። (የሚቀየመኝ ይኖራል፤ ይቀየም።)

ለምታነቡትም የምለው አለኝ። በዓሉ ግርማ በ«ደራሲው» ሲራክ የሚባል ደራሲን ዋና ገጸ ባሕርይ አደረገ። ሲራክ ማለት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ኖሯል። ይሁን። ግን መጽሐፉን ሳያገላብጥ በዚህ ብቻ ሲከራከር የሚውል ተማሪ ስንቱን አየሁ! ልቦለድ ውስጥ ያለ ደራሲ፣ በገዛ ስሙ «እኔ» እያለ የሚናገረው እንኳ ሳይቀር፣ የተፈጠረ ሰው ነው። የሚደብቀውም የሚያባብለውም ነገር አለው። «አንባቢ ሆይ» ሲል የሚጠራው የሚያምነውንና የሚስቅለትን አንባቢ ነው፤ እናንተ ያንን አንባቢ የመሆን ግዴታ የለባችሁም።

መንዙማ ላይ ተቀባዩ ሲቀዘቅዝ አውጪው አይቶ ወደ ሌላ ግጥም ይሻገራል። መጽሐፍ ግን ብትቀዘቅዙበትም አያያችሁም፤ ስለዚህ ጥያቄው የእናንተ ድርሻ ነው። ደራሲው በስም ሲጠራችሁ ወደ ኋላ ገልብጡ፤ ለምን እዚህ ጋ? ከዚህ በፊት ባለው ገጽ ምን ሊያልፍ ፈልጎ ነው? ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ታሪኩ ለማመን የከበደበት፣ ወይም ለመናገር የጨነቀው ቦታ ላይ ነው።

የሚቀጥለውን ከመላካችሁ በፊት ደራሲው የሚገባበትን አንቀጽ አውጥታችሁ ታሪኩን አንድ ጊዜ አንብቡት። ካልጎደለ እንደዚያው ላኩት። ከጎደለ መልሱትና ምን እንደጎደለ በጠርዙ ጻፉልኝ።